ያለ ፎቶ የተለቀሰ ለቅሶ

ወንድሜን ለማን ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አንዴ ዓለም ገና፣ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ፤ አንዴ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት ሱሉልታ፣ አንድ አዲስ ሆቴል ውስጥ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ።

የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ጎረቤቴ ከወላይታ መጥቶ እዚህ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ጴንጤ ስለሆነ የጽጌ ጾም አያግደውምና ልጁን በጥቅምት ዳረ። ከሰበታ ተነስተን፣ በዓለም ገና አልፈን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ እንጦጦን ወጥተን ወርደን ሱሉልታ እስክንደርስ ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር። ምሳ ሳይቀርብ እጄን ልታጠብ ብዬ ኮሪደሩን ስይዝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ጉም የለበሰ ወንዝ ነው። ወንዙ ውስጥ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ የገባ፣ አፍሮውን ያጎፈረ ጎረምሳ፣ ጢማም አምባዛ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። ከፊቱ ውኃው ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ትንሳፈፋለች። ከሥሩ በሚያብረቀርቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ዓሣ አጥማጁና ዔሊዋ። ስሙ ያልታወቀ ሰው፣ አዋሽ ወንዝ። ፎቶ፦ ደምሴ።»

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ስሙ ያልታወቀ የተባለው ለማ ነው፣ የእናቴ ልጅ። ዔሊ የተባለችው ደግሞ የግራ እግር ኮንጎ ጫማዬ ናት። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደምሴን ፊት ለፊት ሳገኘው «ጋሽ ደምሴ» እለዋለሁ፣ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ አሳዳጊ አልበደለኝም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ ይለኛልና ደምሴ ነው፣ እሱ ነው፣ ከዚያ በላይ ክብር ከእኔ አያገኝም።

ያኔ ሰበታ እንዲህ ባጃጅ እንደ ንብ የሚተራመስባት ከተማ አልነበረችም። አስፋልቱ አንድ ነው፤ እሱም ወደ ጅማ ይነጉዳል። ከአስፋልቱ ዳር በዳቦ ቤቱና በልብስ ሰፊው መካከል የደምሴ ፎቶ ቤት ነበረች። ልብስ ሰፊው ቴፑን ከፍ አድርጎ የፍቅር ዘፈን ሲለቅ የእኛ ግድግዳ አብሮ ይርገበገባል። ዳቦ ቤቱ ማለዳ ሲያወጣ ሽታው እስከ ጨለማ ክፍላችን ገብቶ ከአሲዱ ሽታ ጋር ይጣላል። አሁንም ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ ጣቶቼ እርጥብ ፎቶ የያዙ ይመስለኛል። ውስጥ ሸራ ላይ የተሳለ ባሕር ነበረ፤ ዘንባባና ነጭ ይብራ ያለበት። ሰበታ የቆመ ሰው ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ይመስል ከፊቱ ቆሞ ይነሳና ለዘመድ ይልካል። ገመድ የሌለው ስልክ ነበረን፣ የፕላስቲክ አበባ ነበረን፣ ለደንበኛ የምትዋስ አንዲት ጥቁር ኮት ነበረችን። ያቺ ኮት ስንቱን ጎረምሳ ሙሽራ አስመስላ እንደሸኘች እኔ ነኝ የማውቀው። ቤልቦተም ሱሪ የለበሰው ሁሉ ሱሪው እንዲታይለት «ሙሉ ቁመት አንሺኝ» ይላል፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሳው ለመታወቂያ ብቻ ነው።

የእኔ ሥራ ሪታች ነበር። በቀጭን የተቀረጸ እርሳስ ነጋቲቩ ላይ እያጎነበስኩ የፈንጣጣ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የተኮሳተረ ግንባር እፈታለሁ፣ አንዳንዴም ሰው ለምኖኝ ጥርስ እሞላለሁ። በኋላ ፊልም ማጠቡንም፣ ማተሙንም፣ ማንሳቱንም ተማርኩ። ደምሴ ከውጭ ገንዘብ ይቀበላል፣ እኔ ከውስጥ እሠራለሁ። ያን ዘመን የተጻፈ ሕግ ባይሆንም የታወቀ ነገር ነበር፦ ደንበኛ ፎቶውን ይወስዳል፣ ነጋቲቩ ግን የቤቱ ነው። ሰው ፎቶው ሲጠፋበት፣ ወይም ማስተለቅ ሲፈልግ፣ ተመልሶ ይመጣል። የከተማው ፊት በሙሉ በደምሴ ሣጥን ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሰኞ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል። ሰኞ የእኔና የለማ ነበር። ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል ተከብሮ፣ አደዩ ሊረግፍ ሲያንገራግር፣ በማለዳ ወደ ተጂ የሚሄደውን አውቶቡስ እንይዝና አዋሽ ድልድይ ላይ እንወርዳለን። ለማ የቀርከሃ ዘንጉን በመስኮት አውጥቶ ስለሚይዘው ረዳቱ ሁልጊዜ «ዘንግህም ይከፍላል!» ይለዋል። እኔ ደምሴ የጣላትን አሮጌ ካሜራ በነጠላ ጠቅልዬ እይዛለሁ። ከላይ በመስኮቷ ቁልቁል እየታየች የምታነሳው ዓይነት ናት፤ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚታየው። ፊልሙም ከደንበኛ የተረፈ ቁራጭ ነው። ፈቃድ ስጠይቀው ደምሴ ሆዱን ይዞ ስቆ ነበር። «ወፍ ልታነሺ? ወፍ እኮ ሂሳብ አትከፍልም ጌጤ!» አለኝ። ዛሬ የተፈጥሮ ፎቶ አባት የሚሉት ይኸንኑ ሰው ነው።

ጥቅምት ላይ አዋሽን ያላየ ሰው ወንዝ አየሁ አይበል። የክረምቱ ድፍርስ ወርዶ ውኃው ይጠራል፣ ግን ገና ሙሉ ነው። በወዲያም በወዲህም ጥቁሩ መሬት ከውኃ ሥር ብቅ ብቅ እያለ ነው፤ ገበሬው ረግረጉ በሸሸበት ልክ ሽምብራና ጓያውን እየዘራ ይከተለዋል። ጤፉ ወደ መብሰሉ ነው። ሽመላው አንድ እግሩን አጥፎ እንደ ዳኛ ቆሟል። ለማ ትሉን መንጠቆው ላይ ሰክቶ ክሩን ይወረውርና ዝም ይላል፤ ሌላ ቦታ ዝም የማይል ልጅ። እኔ ሣሩ ላይ በደረቴ ተኝቼ አንዲት ሰማያዊ ዓሣ በሊታ ወፍ ከሸምበቆ ወደ ሸምበቆ ስትዘል እከተላለሁ። ፎቶዬ ጥቁርና ነጭ ነበርና ሰማያዊነቷን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጀርባን እንደ እናት እጅ ታሻለች። ለማ ዓሣው ሲነክስለት «ያዘ! ያዘ!» ብሎ ይጮህና የእኔን ወፍ ያበርራታል። ስንት ጊዜ እንደተጣላን! አሁን በኪሴ ያለው ስልክ ያቺን ካሜራ አሥሬ ያስንቃታል፤ አንድ ቀን ግን እንደዚያ ትንፋሼን ይዤበት አላውቅም።

እናታችን የለማን ዓሣ ቤት አታስገባም ነበር። አምባዛ ቅርፊት የለውምና በመጽሐፍ የተከለከለ ነው ትላለች፤ ደግሞስ ጢም ያለው ነገር እንዴት ይበላል? ለማ ግን ሐይቅ ዳር አድገው የዓሣ ነገር ለሚያውቁ የፋብሪካ ሠራተኞች ይሸጥላቸዋል፤ በሽያጩ ለእናቴ ስኳር ይገዛል። ስኳሩን ትበላለች። «ስኳሩም እኮ ጢም አለው እማዬ!» ሲላት በማማሰያ ታባርረዋለች።

ፎቶው የተነሳ ቀን ጉሙ ከወንዙ ላይ አልነሳ ብሎ ቆየ። ለማ ከዚያ በፊት ይዞት የማያውቀው አምባዛ ክሩን ሊበጥስበት ሲል ዘንጉን ጥሎ ውኃ ውስጥ ገባና በእቅፉ አወጣው። እኔ ላነሳው ስንደረደር ጥቁሩ ጭቃ የግራ እግሬን ዋጠኝ። እግሬን ስመነጭቅ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ተስፈንጥሮ ወንዙ ላይ ተደፍቶ ተንሳፈፈ። ኮንጎ የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ያኔ አዲስ ኮንጎ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

«ለማ! ጫማዬን! ጫማዬን ያዝልኝ!»

«ዓሣውን ልልቀቅ ጫማሽን ልያዝ? አንዱን ምረጪ!» ብሎ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ።

በአንድ እግሬ ቆሜ፣ እንባዬ ሊመጣ እያለ፣ ቁልፏን ተጫንኩ። ጫማዬ ወንዙን ይዛ ሄደች። እኔ በአንድ ጫማ አውቶቡስ ስገባ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ለማ ከሁሉም በላይ ሳቀ። በማግስቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን መድኃኒቱ ላይ ሳስተኛው መጀመሪያ የወጣው ጥርሱ ነው፣ ከዚያ ጉሙ፣ በመጨረሻ ያቺ ጥቁር ጫማዬ። ክሩ ላይ ልትደርቅ ሰቅያት ደምሴ ገባና ከፊቷ ቆሞ ቀረ። «ጥሩ ናት» አለ። ይህ ቃል ከአፉ የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው። ነጋቲቩን አንስቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። የቤቱ ነዋ! ያተምኳትን ትንሿን ፎቶ ለማ ወሰዳት።

ከዚያ ያ የምታውቁት ዘመን መጣ፤ ስሙን ብትጠሩትም ባትጠሩትም መጣ። ጎረምሳ ሁሉ ተሰብስቦ ተጫነ። ለማ ፎቶዋን በሸሚዙ ኪስ ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሳይመለስ ቀረ፤ ፎቶዋም አብራው ቀረች። አንድ ማለዳ ጎረቤቶቻችን ጥቁር ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው በራችን ላይ ተሰልፈው ስናያቸው እናቴ ከመናገራቸው በፊት መሬት ወደቀች።

በእኛ አገር ለቅሶ ፎቶ ይወጣል። እናት የልጇን ፎቶ ታቅፋ ደረቷን ትደቃለች፤ አልቃሽ ወደ ፎቶው እየጠቆመች ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ቁመናውን ታወርዳለች፤ መንገደኛ ሁሉ ማን እንደሞተ አይቶ ያለቅሳል። አስከሬን ለሌለው ሟች ደግሞ ፎቶው አስከሬኑ ነው። ለማ ሌላ ፎቶ አልነበረውም። የፎቶ ቤት ሠራተኛ ወንድም ሆኖ ነገ እነሳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነሳለሁ ሲል የቀረ ልጅ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ባዶ እግሬን ሮጥኩና ደምሴ በር ላይ ደረስኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ያቺን የአዋሿን ነጋቲቭ ይስጡኝ። አስተልቄ ለእማዬ ላድርስላት። ለቅሶው ተጀምሯል።»

ዓይኔን ሳያይ፣ «እግዜር ያጽናሽ ጌጤ» አለኝ። «የዚያ ዓመት ነጋቲቭ ሁሉ ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ፤ አውጥቼ ጣልኩት። ምን ላድርግ?»

አመንኩት። ክረምቱ ከባድ ነበረ፣ ጣሪያችንም ያፈስ ነበር። ባዶ እጄን ተመለስኩ። እናቴ የሚታቀፍ ነገር ስታጣ የለማን የቀርከሃ ዘንግ ከጓዳ አውጥታ ታቀፈች። አልቃሿ ግራ ገባት፤ ለዘንግ ምን ይገጠማል? ከሩቅ የመጡት እርስ በርሳቸው «ማነው የሞተው? የትኛው ልጅ ነው?» ሲባባሉ ሰማሁ። እናቴም ሰማች። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ «ልጄን ሳያዩት አለቀሱለት» ትል ነበር። ሌላውን ሁሉ ልረሳ እችላለሁ፤ ይቺን ቃል ግን አልረሳትም።

ደምሴ ብዙም ሳይቆይ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ከሰበታ ጠፋ። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው ዓለም ገና መድኃኒት ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ፣ ካላንደር ውስጥ፣ ለማ ሲስቅ ያየሁት። ፎቶው ውድድር አሸንፏል፣ ደምሴ ተሸልሟል የሚል ከሥሩ ተጽፎበታል። ያኔ ገባኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለምነው ነጋቲቩ አልተበላሸም፤ ለውድድር ተልኮ ነበር። እውነቱን ቢናገር ያነሳሁት እኔ መሆኔ ይታወቃልና የአንዲት እናት ለቅሶ ባዶ ይቅር አለ። መድኃኒት ሻጩን ካላንደሩን ስጠኝ ብለው «ዓመቱ ይለቅ፣ ጳጉሜ ላይ ነይ» አለኝ። ጳጉሜ ላይ ስሄድ ለልጁ ደብተር ለብዶበታል።

ሰው ቂምን እንደ በሽታ ያወራዋል። እኔን ግን ያቆመኝ እሱ ነው። ልጆች ወልጄ፣ ባል ቀብሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ደምሴን አስበዋለሁ። አንድ ቀን እንደማገኘው አውቅ ነበር። ሳልሞትበት፣ እሱም ሳይሞትብኝ።

ስለዚህ ሱሉልታ ኮሪደር ላይ ስቆም እንባዬ አልመጣም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ቀልጠፍ ያለች ወጣት፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ወደዱት አይደል እማማ? የጋሽ ደምሴ ሥራ ነው። ቡራዩ ነው የሚኖሩት። በሚቀጥለው እሁድ ወጣት ፎቶ አንሺዎችን ይዘው ይሄ ፎቶ የተነሳበት ቦታ ይወስዷቸዋል። ወፍ ማንሳት አለ፣ ዓሣ ማጥመድ አለ፣ በጣም አሪፍ ፕሮግራም ነው!»

«አዋሽ ድልድዩ ጋ?»

«አዎ፣ ያውቁታል እንዴ?»

«በመጠኑ» አልኳት። የሠርጉን ምሳ በደንብ በላሁ።

እሁድ ማለዳ ከሰበታ በተጂ ሚኒባስ ሄጄ ድልድዩ ላይ ወርጄ ጠበቅኳቸው። ወንዙ ዳር ከወረድኩ ዘመናት አልፈዋል። ከላይ የሚመጣ ነጭ አረፋ ሸምበቆው ሥር ተሰብስቧል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይንሳፈፋል። ሽመላው ግን አለ። ጉሙም አለ። ያቺ ሰማያዊ ወፍ፣ ወይ የልጅ ልጇ፣ ከሸምበቆ ሸምበቆ ዘለለች፤ ልቤ እንደ ድሮው ትንፋሼን ያዘብኝ፤ ወዲያው ደግሞ የመጣሁበት ትዝ አለኝ። አውቶቡሳቸው ቆመና ወጣቶቹ ክንድ የሚያክል ሌንስ ተሸክመው ወረዱ። ከኋላቸው ደምሴ ወረደ። ነጭ ሪዝ፣ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ፣ ከዘራ። አርጅቷል። ማርጀቱ አላሳዘነኝም።

አንዳንዱ ወፏን ሲያነሳ፣ አንዳንዱ መንጠቆ ሲጥል ቆዩና ክብ ሠርተው ከበቡት። እሱም ጀመረ። «እዚህ ጋ ነበርኩ ልጆቼ። ገና ሳይነጋ መጥቼ ጭቃው ላይ ተኛሁ። ያን ሰውዬ አላውቀውም፤ መንገደኛ ነው። መነሳቱንም አላወቀም። እኔ የጠበቅኩት ዔሊዋን ነው። ብቅ ስትል ሰውየው አይቷት ሳቀ፤ ያቺን ቅጽበት ያዝኳት። ትዕግሥት ነው ፎቶ ማለት።» ወጣቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዱ በስልኩ እየቀረጸው ነበር።

ከክቡ ውጭ ሆኜ፣ «ጋሽ ደምሴ» አልኩ። «ዔሊዋ ዘለበት ነበራት እንዴ?»

ድምፄን አወቀው። «ማነሽ አንቺ?» አለ፤ እያወቀኝ።

አንዲትን ወጣት ፎቶ አንሺ፣ «እስቲ ልጄ፣ ያቺን ፎቶ በስልክሽ አውጪና ጥቁሯን ነገር አስተልቂያት» አልኳት። በሁለት ጣቷ ከፈተቻት። «ከጎኗ ያለችው ምንድን ናት?» አልኳት።

ልጅቷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ማሰሪያ… የጫማ ዘለበት ነው! ቀዳዳ ቀዳዳም አላት። ጫማ እኮ ናት!» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል አመለጠው፤ ከዚያ ሁሉም። ደምሴ መሃላቸው ቆሞ ነበር።

«ኮንጎ ጫማዬ ናት» አልኩ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የእኚህ ሰውዬ ሪታች የነበርኩት። ሰውየው መንገደኛ አይደለም። ለማ ይባላል፣ የሰበታ ልጅ ነው፣ ወንድሜ ነው። ሲሞት አስከሬኑ አልመጣም። ለእናቴ ለለቅሶ ፎቶውን ስለምናቸው ነጋቲቩ ዝናብ በላው አሉኝ።» ሳቁ ቆመ። በስልኩ ይቀርጽ የነበረው ልጅ መቅረጹን አላቆመም፤ እኔም አቁም አላልኩትም።

ደምሴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ተይ ጌጤ» አለኝ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ምን ቀረኝ? ዛሬ ነገ የምሄድ ሰው ነኝ። ስሞት አድርጊው፤ ያኔ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«ዘንዶውን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኩት ጮክ ብዬ። «ለማ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እርስዎ በእሱ ሳቅ አርጅተዋል።»

ሄዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ በሚኒባስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ማታ እንደ ልጅ ነው የተኛሁት። ሰው የጠላቱን ውርደት አይቶ ባዶ ሆነብኝ ሲል እሰማለሁ፤ እኔ አልሆነብኝም። ግን አልጠገብኩም።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። የፊተኛው ኦቦ ቱሉ ነበሩ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፤ ለማን በልጅነቱ ያውቁታል። ገና ከበር «አካም ጅርታ፣ ጌጤ? ነጋዳ?» ብለው ገቡና ከተቀመጡ በኋላ ምሳ ቀርቦላቸው እጃቸውን አልዘረጉም። የሽማግሌ ወግ ነው፤ ጉዳዩ ሳያልቅ አይበሉም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ጸሎተኛ ነሽ» አሉኝ። «ሰውየው አምኗል። አጥፍቻለሁ ይላል። ዺፈማ ጎዺ፣ ይቅር በይው። ጽሑፉን ደግሞ ሆቴሉ ይቀይረዋል፤ እሱ ግን እባካችሁ ከሞትኩ በኋላ ይሁን ብሎ ለምኗል።»

«ኦቦ ቱሉ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አልኳቸው። «የሞተ ሰው ምን ያፍራል? በቁሙ ይፈር። ሱሉልታ ይምጣና፣ ሆቴሉ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ በገዛ እጁ ይጻፈው። የምለውን ይጻፍ። ያኔ ስለ ይቅርታው እናወራለን።»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ኦቦ ቱሉ፣ «የለማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽ ዘንግ ታቅፋ ነበር።» ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረው፣ «በዚህ ላይ አልከራከራትም። እንንገረው» አሉና እጃቸውን ወደ ምግቡ ዘረጉ።

እሁድ ቀትር ላይ ደምሴ ሱሉልታ መጣ። ልጁ በመኪና ከቡራዩ አምጥቶት ውጭ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ ነበረች፣ አስተናጋጆቹ ሳህን እንደያዙ ቆመው ነበር፣ እጁን ሊታጠብ የመጣ ሁሉ ይቆም ነበር። የድሮው ጽሑፍ ተነቅሎ ባዶ ነጭ ሰሌዳ ተለጥፏል። ማርከሩን ሰጠሁት። እኔ ቃል በቃል አልኩ፣ እሱ ጻፈ፦ «ለማ፣ የሰበታ ልጅ። ፎቶውን ያነሳችው እህቱ ጌጤ ናት። እናቱ ያለ ፎቶ አለቀሰችለት።» መጨረሻው ላይ ቆመና አየኝ። «እኔ ስለከለከልኳት» ብለው ይጨምሩ አልኩት። ጨመረ። መስመሩ ወደ ታች ወረደ። ሥራ አስኪያጇ በደግነት፣ «እናሳምረዋለን እማማ፣ በጥሩ ፊደል እናሳትመዋለን» አለችኝ። እንዳለ ይሁን አልኳት።

ማርከሩን መለሰልኝ። ላብ ፊቱን አልብሶታል፤ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዟል። «እንግዲህ ይቅር በይኝ ጌጤ» አለ።

«እኔን አይጠይቁኝ» አልኩት። «የተበደሉት ሁለት ናቸው። እናቴ እዚህ የለችም። እሱ ግን አለ፤ ይጠይቁት።»

ቀና ብሎ አየው። ያን ሁሉ ዘመን በፎቶው ሲሸለም፣ ሲጋበዝ፣ ሲታወቅ፣ አንድም ቀን ዓይኑን ያየው አይመስለኝም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ለማ» አለ፤ ስሙን ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተቋረጠ። ከምግብ ቤቱ በኩል ሰው ወንበር ይዞ መጣና የት ላድርገው እንደሚል አየኝ። በእጄ መለስኩት። ደምሴ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ለመነው።